ለልጅ ስሊፒንግ ባግ መምረጥ፦ ጮቄና ሌሎች የጎጃም ደጋዎች ላይ ለሚያድሩ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከ5 እስከ 13 ዓመት ያሉ ልጆችን ይዘው በእግር ተጉዘው ድንኳን ውስጥ ለሚያድሩ ወላጆች፣ መምህራንና አስጎብኚዎች። ስሊፒንግ ባግ ማለት ውስጡ ተገብቶ የሚተኛበት፣ በሙሌት የተሞላ የመኝታ ከረጢት ነው፤ ከታች ባጭሩ “ባግ” እንለዋለን።

ጋቢና ብርድ ልብስ እያለ ስሊፒንግ ባግ ምን ያስፈልጋል?

መኪና ድንኳኑ አጠገብ የሚደርስ ከሆነ ብዙም አያስፈልግም። ሁለት ቡሉኮና አንድ ጥሩ ፍራሽ ልጅን እንጅባራ ላይም ቢሆን ሞቅ አድርጎ ያሳድራል። ችግሩ የሚመጣው ዕቃው በጀርባ ሲሆን ነው። ቡሉኮ ይከብዳል፣ ቦርሳ ውስጥ አይታጠፍም፤ ጥጥ ስለሆነም ጤዛና ላብ ይጠጣል፣ የጠጣውንም በደጋ ብርድ ቶሎ አይለቅም።

ሌላው የልጅ አተኛኘት ነው። ልጅ ሌሊቱን ሲገላበጥና ሲራገጥ ያድራል፤ ብርድ ልብሱን ጥሎ ድንኳኑ ጥግ ተጣብቆ ይገኛል። ስሊፒንግ ባግ ዙሪያውን የተዘጋ በመሆኑ ልጁ ቢንከባለል አብሮት ይንከባለላል። ጋቢውን ግን ቤት አትተዉት፤ ማታ እሳት ዳር ሲቀመጥ ይደርበዋል፣ ሌሊት ደረቅ ከሆነ ከባጉ በላይ ይጣልለታል።

ጎጃም ውስጥ የትኛው ቦታ በየትኛው ወር ይበርዳል?

ባሕር ዳርና የጣና ዳርቻ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ ቀለል ያለ ባግ ይበቃቸዋል። ዓባይ በረሃ ድልድዩ አካባቢ ያደረ ሰው ከአንሶላ ያለፈ አይፈልግም። እንጅባራና ዘንገና ሐይቅ 2,500 ሜትር አካባቢ ናቸው፣ የሰከላው ግሽ ዓባይ ከዚያ ከፍ ይላል፤ እዚያ ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ቀልድ አያውቅም። ጮቄ ደግሞ ለብቻው የሚታይ ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጓሳውና ጅብራው መሐል፣ ሰማይ በጠራበት የበጋ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል።

ለመገመት ቀላል ስሌት አለ። ወደ ላይ በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ ከ6 እስከ 6.5 ዲግሪ ይቀንሳል። ስልካችሁ ለደብረ ማርቆስ፣ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ማለት ነው፣ የሌሊቱን ሙቀት 8 ዲግሪ ካለ 4,000 ሜትር ላይ ከዜሮ በታች 1 ወይም 2 ጠብቁ። ነፋስ ካለ ለልጁ ከዚህም የባሰ ይሰማዋል። ቦታው ራሱም ለውጥ ያመጣል፦ ቀዝቃዛ አየር ሌሊት ቁልቁል እየፈሰሰ ጎድጓዳ ላይ ስለሚጠራቀም ድንኳኑን ከሸለቆው ወለል ትንሽ ከፍ ብሎ ባለ ደልዳላ ቦታ ትከሉ።

በክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ውርጩ ይቀንሳል፤ ዝናቡና ጭቃው ግን ሁሉንም ዕቃ ያረጥባል። ልጅ ይዞ በክረምት ጮቄ ላይ ማደርን አንመክርም።

ባጉ ላይ የተጻፉት የዲግሪ ቁጥሮች ምን ማለት ናቸው?

በደረጃ የተፈተነ ባግ ኢኤን 13537 ወይም አይኤስኦ 23537 የሚል ምልክትና ብዙውን ጊዜ ሦስት ቁጥሮች አሉት። “ኮምፈርት” የሚለው አንዲት አዋቂ ሴት ተዘርግታ ሳይበርዳት የምታድርበት ሙቀት ነው። “ሊሚት” አንድ አዋቂ ወንድ እጥፍጥፍ ብሎ፣ ሳይንቀጠቀጥ የሚያድርበት ነው። “ኤክስትሪም” ደግሞ የእንቅልፍ ቁጥር አይደለም፤ አንዲት ሴት ለ6 ሰዓት በሕይወት ልትቆይበት የምትችለውን፣ ግን በብርድ ልትጎዳ የምትችልበትን ሙቀት ያሳያል። ሻጮች በትልቁ የሚያሳዩት አንዳንዴ ይህን ሦስተኛውን ነው፤ ሲገዙ በዓይናችሁ “ኮምፈርት” የሚለውን ብቻ ፈልጉ።

ፈተናው የሚደረገው ሙቀት በሚያመነጭ የሰው ቅርጽ አሻንጉሊት ነው። አሻንጉሊቱ የውስጥ ልብስና ካልሲ ለብሶ፣ ከሥሩ ማት፣ ማለትም የመኝታ ንጣፍ፣ ተነጥፎለት ነው የሚለካው። ያለ ማት የተኛ ልጅ ቁጥሩ ላይ አይደርስም። ዋናው ነገር ደግሞ ስሌቱ የተሠራው በ60 እና በ73 ኪሎ አዋቂዎች ልክ መሆኑ ነው። የ25 ኪሎ ልጅ እዚያ ውስጥ የለም።

ታዲያ ለልጅ የትኛውን ቁጥር ልያዝ?

የምትጠብቁትን ዝቅተኛ የሌሊት ሙቀት ያዙና ከዚያ ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ዝቅ ያለ ኮምፈርት ምረጡ። ለጣና ዳርቻ ኮምፈርቱ 5 ዲግሪ የሆነ ይበቃል። ለእንጅባራና ለሰከላ 0፣ ለጮቄ ከዜሮ በታች 5 እስከ 7 ይሁን። የልጅ ባግ ላይ ያለ ምንም የደረጃ ምልክት “ከዜሮ በታች 10” የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ከታተመ ቁጥሩን እንደሌለ ቁጠሩት፣ ባጉን ግን በእጅ መርምሩ፤ እንዴት እንደሚመረመር ከታች አለ።

ይህ ጭማሪ የተባለበት ምክንያት አለው። ልጅ ከክብደቱ አንጻር የቆዳው ስፋት ከአዋቂ ይበልጣል፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ቀኑን ሙሉ ሲሮጥ ውሎ ማታ ደክሞት ሳይበላ ይተኛል። ከሁሉም በላይ በረደኝ ብሎ አይነቃም፤ ከነቃም ጠዋት ነው የሚናገረው። ይህን ብለን ግን ወደ ሌላው ጫፍ አትሂዱ። ከዜሮ በታች 20 የሚባል ባግ ለጎጃም ከሚያስፈልገው በላይ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ ያልበዋል፣ ንጋት ላይ ላቡ ራሱ ያበርደዋል።

ልጄ በየዓመቱ ያድጋል፤ ትልቅ ገዝቼ እንዲደርስበት ባደርግስ?

ለጫማ አንድ ቁጥር መጨመር ጥፋት የለውም፤ እዚህ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ባጉ የራሱ ሙቀት የለውም፤ የሚያሞቀው የልጁ ገላ ነው። እግሩ ሥር ግማሽ ሜትር ባዶ ቦታ ካለ ልጁ ሌሊቱን ያንን አየር ሲያሞቅ ያድራል፣ በተገላበጠ ቁጥር ደግሞ ቀዝቃዛው ወደ ላይ ይመጣል። በተመሳሳይ ቁጥር ሁለት ባጎች መካከል ለልጅ ልኩ የሆነው ሁልጊዜ ይሞቃል።

ጫማ አውልቆ ጀርባውን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ቁመቱን ለኩ፤ ከዚያ አንድ የአዋቂ ስንዝር፣ ማለትም ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ጨምሩ። 120 ሳንቲ ሜትር የሆነ ልጅ ውስጡ 140 የሚሆን ባግ ይሆነዋል። መለያው ላይ የተጻፈው የባጉ ርዝመት ይሁን የልጁ ቁመት አጣሩ፤ አምራቾች በሁለቱም ይጽፋሉ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ስፋቱን ለማየት ልጁን አስገብታችሁ ጉልበቱን ወደ ደረቱ እንዲያጥፍ አድርጉ፤ ጉልበቱ ጨርቁን ወጥሮ ሙሌቱን ከጨፈለቀው ጠቧል። እያደገ እንዲሄድ ከተፈለገ እግሩ በኩል በዚፕ የሚራዘም ወይም በገመድ የሚታሰር ባግ አለ፤ ከተገኘ ጥሩ ምርጫ ነው።

የአዋቂ ባግ ቤት አለን። ለልጅ ማሳጠር ይቻላል?

ይቻላል፣ ብዙ ጊዜም አዲስ የልጅ ባግ ከመግዛት የተሻለ ውጤት ይሰጣል፤ ብዙዎቹ የአዋቂ ባጎች በደረጃ የተፈተኑ ስለሆኑ። ልጁን አስገቡትና ከተረከዙ አንድ ስንዝር ዝቅ ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ልጁ ይውጣ። ምልክቱ ላይ ባጉን ሰብስባችሁ ሰፋ ባለ የጨርቅ መቀነት ወይም በቦርሳ ማሰሪያ እሰሩት። ሲባጎ አይሁን፤ ጨርቁን ይቆርጣል። የተረፈውን ጅራት ወደ ሥር አጥፋችሁ ከልጁ እግር በታች፣ ከማቱ በላይ አድርጉት፤ ከሥር ለሚመጣው ብርድ ተጨማሪ ንጣፍ ይሆናል።

ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ በመኪና ማሰፋት የሚመጣላቸው አሉ። ስፌቱ ያለፈበት መስመር ሁሉ ሙሌቱ ተጨፍልቆ ብርድ ማስገቢያ ይሆናል፤ ልጁ ሲያድግ መፍታቱም ችግር ነው። ማሰር ይበቃል። ደረቱና አንገቱ ጋ የሚተርፈውን ስፋት ግን ማሰር አያስተካክለውም፤ አንገቱ ላይ የሱፍ ሻርፕ ላላ አድርጎ መጠቅለል ወይም ደረቱ ላይ ደረቅ ሹራብ መዘርጋት ይረዳል። ከ5 ዓመት በታች ላለ ልጅ ይህን አታድርጉ፤ ወደ ውስጥ ይሰምጣል።

ላባ ይሻላል ወይስ ፖሊስተር?

ላባው፣ ማለትም የዝይ ወይም የዳክዬ ለስላሳ የውስጥ ላባ፣ በተመሳሳይ ሙቀት ቀለል ይላል፣ ታጥፎም ትንሽ ይሆናል። ሲረጥብ ግን ይጣበቃል፣ ሙቀት መያዙን ያቆማል፣ ለመድረቅም ቀናት ይፈልጋል። ፖሊስተር ይከብዳል፣ ይገዝፋል፤ እርጥብ ሆኖ ግን የተወሰነ ሙቀት ይይዛል፣ በአንድ የበጋ ፀሐይ ቀን ይደርቃል፣ በሳፋ ይታጠባል። ልጅ ሻይ ይደፋል፣ ሽንት ያመልጠዋል፣ ጭቃ ይዞ ይገባል። ስለዚህ ከ10 ዓመት በታች ላለ ልጅ ፖሊስተር ግዙ፤ ላባን ዕቃውን መጠበቅ ለተማረ ልጅ አቆዩት።

ቅርጹና ዚፑስ?

እግር ላይ እየጠበበ የሚሄድና ኮፍያ ያለው ለብርድ ይሻላል፤ አራት ማዕዘኑ ለጣና ዳርቻ ነው። ከዚፑ ኋላ በርዝመቱ የሚሄድ በሙሌት የተሞላ ጥቅል መኖሩን እዩ፤ ከሌለ ዚፑ ራሱ ሌሊቱን ብርድ ያስገባል። ልጁ ጨለማ ውስጥ ራሱ ከፍቶ መውጣት መቻል አለበት፤ ስለዚህ ከውስጥም የሚከፈት ዚፕ ይሁን፣ መጎተቻው ላይም ቁራጭ ክር እሰሩበት። የኮፍያውን ገመድ ልጁ ራሱ ካልፈታው አታጥብቁት፤ በእሱ ምትክ የሱፍ ኮፍያ ያድርግ።

ከሥር ምን ይነጠፍ?

“ባጉ ጥሩ ነበር፣ ልጁ ግን በረደው” ከሚሉት አብዛኛዎቹ ችግራቸው ያለው እዚህ ነው። ባግ የሚያሞቀው በነፋው ሙሌት ውስጥ በተያዘው አየር ነው። ልጁ ሲተኛበት የሥረኛው ሙሌት በክብደቱ ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ ከመሬቱ የሚለየው ሁለት ጨርቅ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ የሚበቃ ከሆነ መካከለኛ ባግና ጥሩ ማት፣ ውድ ባግና ባዶ መሬትን ያሸንፋል።

ማቶች ብርድ የመከላከል አቅማቸው “አር” በሚባል ቁጥር ይለካል፤ ከ2018 ወዲህ ኤኤስቲኤም ኤፍ3340 የሚባል አንድ መለኪያ አለው። ደረቅ ያለ፣ ውሃ የማይጠጣ የስፖንጅ ማት አር 2 ገደማ ነው። ለጮቄ በጋ ለልጅ አር 4 እንዲሆን እንመክራለን። መልካሙ ነገር ቁጥሮቹ ይደመራሉ፤ ሁለት የስፖንጅ ማት ቢደራረቡ 4 ይሆናል። የአዋቂ ማት 180 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ለ120 ሳንቲ ሜትር ልጅ የሚተርፈውን 60 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ከትከሻው እስከ ዳሌው ባለው ቦታ ደርቡለት፤ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ነው።

አጎዛ ካለ ፀጉሩን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከማቱ በላይ አንጥፉት። የበግ ፀጉር ሲተኙበት ሙሉ በሙሉ አይጨፈለቅም፣ እርጥበትም ይታገሣል። በደንብ ያልለፋ ወይም የረጠበ አጎዛ ግን ድንኳኑን በመጥፎ ሽታ ይሞላዋል። የቤት ፍራሽ ስፖንጅ ቆርጦ መውሰድ አያዋጣም፤ ለስላሳ ስለሆነ ይጨፈለቃል፣ ውሃ ይጠጣል። በአየር የሚነፋ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ተራ ፍራሽ ደግሞ አሳሳች ነው፦ ወፍራም ይመስላል፣ ውስጡ ያለው አየር ግን እየዞረ ሙቀቱን ወደ መሬት ያወርዳል። ያው ካላችሁ የስፖንጅ ማት ከላዩ አድርጉበት። ጓሳ አጭዶ ማንጠፍም አለ፤ አታድርጉት። ጓሳው የአካባቢው ሰው ሀብት ነው፣ ጠዋትና ማታም እርጥብ ነው። ከገበሬ የተገዛ ደረቅ ጭድ በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቶ ከድንኳኑ ወለል በታች ማድረግ ግን ይሠራል፤ እሳት እንዳይቀርበው ብቻ።

ሰልባጅ ተራ ላይ ባግ አገኘሁ። ደህና መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ከከረጢቱ አውጥታችሁ አራግፉት፣ ዘርግታችሁ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተዉት። ከዚያ የላይኛውን ሽፋን ውፍረት በማስመሪያ ለኩ፤ ለዜሮ ዲግሪ አካባቢ የላይኛው ሽፋን ብቻ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ካልነፋ ለጮቄ አይሆንም። ወደ ብርሃን አንሥታችሁ እዩት፦ ብርሃን የሚያሳልፍ ቦታ ካለ ሙሌቱ ሸሽቷል። በእጅ ስትዳብሱት ጓል ጓል ካለ ሲታጠብ ተበላሽቷል። ዚፑን አሥር ጊዜ ክፈቱ፣ ዝጉ፤ ጥርሱ ደህና ሆኖ መንሸራተቻው ብቻ ካረጀ ዚፕ ጠጋኝ ይቀይረዋል።

ሽታው የሻጋታ ከሆነ ተዉት፤ ታጥቦም አይለቅም። ትኋንና ቁንጫ ግን ይወገዳል፦ ጥብቅ ባለ ጥቁር ፕላስቲክ አሥራችሁ ለብዙ ቀን ለይታችሁ አቆዩት፣ ከዚያ በሞቀ ውሃ እጠቡት፤ ስፌቶቹን አንድ በአንድ ሳታዩ ግን አልጋ ላይ አታውጡት።

ልጁ ራሱ ይሸከመው?

የልጅ ሸክም ውሃውን ጨምሮ ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ አይለፍ። 30 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ከ3 እስከ 4.5 ኪሎ ይችላል፤ ባጉ ከ1.3 ኪሎ በታች ከሆነ ሊይዘው ይችላል፣ ማቱን አዋቂ ይያዝለት። በቅሎ ወይም የጭነት ፈረስ ከተከራያችሁ ግን ስለ ክብደት መጨነቅ ቀርቷል፤ ከባዱን ፖሊስተር፣ አጎዛውንም ቡሉኮውንም ጫኑ። በማናቸውም መንገድ ባጉን በሁለት ፌስታል ጠቅልላችሁ አፉን እሰሩ፤ የቦርሳ ሽፋን ብቻውን የጮቄን ዝናብ አያቆምም።

ምን ለብሶ ይተኛ?

ደረቅ ልብስ ይልበስ። ሲሄድበት የዋለውን፣ ደረቅ ቢመስልም፣ ያውልቅ፤ ላብ አለው። ረጅም የውስጥ ሱሪና እጅጌ ያለው ሹራብ፣ ለእንቅልፍ ብቻ የተቀመጠ የሱፍ ካልሲና ኮፍያ ይበቃዋል። “ብዙ ከለበሰ አይሞቀውም፤ ራቁቱን ይተኛ” የሚል ምክር ይሰማል፤ ልክ አይደለም። እውነቱ ይህ ነው፦ ባጉ ውስጥ ጃኬት ለብሶ ከተጨናነቀ ሙሌቱን ከውስጥ ይጨፈልቀዋል። ጃኬቱን ከባጉ በላይ ደረቱ ላይ ጣሉለት።

ከመተኛቱ በፊት ይብላ። በሶ ከማር ጋር፣ ጭኮ ወይም ድፎ ዳቦ ከትኩስ ሻይ ጋር፤ ገላው ሌሊቱን የሚነድበት ይህ ነው። ሽንቱንም ይሽና።

ሁለት ልጆች በአንድ ባግ ይሞቃሉ?

ይሞቃሉ፣ ግን አይተኙም፤ በመካከላቸውም አንገታቸው ጋ ክፍት ቦታ ይፈጠራል። የየራሳቸው ባግ ይኑራቸውና ተጠጋግተው ይተኙ፤ ትንሹ መሐል፣ አዋቂዎች ዳርና ዳር፣ ከድንኳኑ ግድግዳ ይራቁ። ማቶቹ ሌሊት እንዳይለያዩ በሁለቱ መካከል ጋቢ አንጥፉ። ዚፓቸው የሚገጣጠም ሁለት ባጎች ካሉ እናትና ልጅ አብረው መተኛት ይችላሉ፤ ዚፖቹ ከአንድ ፋብሪካ፣ አንዱ የግራ ሌላው የቀኝ መሆን አለባቸው።

ሽንት ቢያመልጠውስ?

ከምናስበው በላይ የተለመደ ነው፤ ብርድም ድካምም ያባብሰዋል። በመሠረቱ ቤት ውስጥ ካቆመ ከብዙ ዓመት በኋላም ሊሆን ይችላል፣ ልጁን አትቆጡት። ባጉ ውስጥ ከነጠላ ሸማ የተሰፋ የውስጥ ከረጢት ይግባ፣ ከሥሩ ደግሞ ከወገብ እስከ ጉልበት የሚሸፍን ውሃ የማያሳልፍ ጨርቅ። ለውጥ ልብስና አንድ ብርድ ልብስ በእጅ የሚደረስበት ቦታ ይቀመጥ። ማታ መጠጡን አትከልክሉት፤ በደጋ ላይ የደረቀ ልጅ ይበልጥ ይበርደዋል። ከመተኛቱ በፊት ሁለት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት አራርቃችሁ፣ አውጡት።

የሞቀ ውሃ በጠርሙስ ወይም ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት ይቻላል?

ውሃው ይቻላል፣ በጥንቃቄ። የሃይላንድ ጠርሙስ የፈላ ውሃ ይጨማደድበታል፣ ክዳኑም ሊከፈት ይችላል፤ ጠንካራ የብረት ወይም ለሙቅ ውሃ የተሠራ ኮዳ ተጠቀሙ። ክዳኑን አጥብቃችሁ ገልብጣችሁ ፈትኑ፣ በወፍራም ካልሲ ሸፍኑ፣ ልጁ ከመግባቱ ግማሽ ሰዓት በፊት ባጉ ውስጥ አስገቡ። ልጁ ሲገባ እግሩ ሥር ይሁን፣ ከቆዳው ጋር ግን አይነካካ።

ከሰል በጭራሽ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል፤ ሽታ የለውም፣ አያስልም፣ የተኛን ሰው እንደተኛ ይገድላል። ጋዝ ምድጃም እንዲሁ። “መግቢያውን ከፍተን ነው” መባል አያድንም።

ሌሊት እንደበረደው እንዴት አውቃለሁ?

እጁንና አፍንጫውን አትመኑ፤ ሁልጊዜ ይቀዘቅዛሉ። እጃችሁን አሙቃችሁ ማጅራቱን ወይም ደረቱን ዳብሱ። ሞቃትና ደረቅ ከሆነ ደህና ነው። ላብ ካለው ኮፍያውን አውልቁ፣ ዚፑን ትንሽ ክፈቱ፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ኮፍያ፣ ጃኬት፣ ጠርሙስ። እኩለ ሌሊት ላይ አንድ ጊዜ፣ ንጋት ሊቃረብ ሲል ደግሞ ሌላ ጊዜ እዩት፤ ብርዱ የሚከፋው ከንጋት በፊት ነው።

የሚንቀጠቀጥ ልጅ ገና እየታገለ ነው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ቃሉን ካጎለደፈ፣ ግራ ከተጋባ ወይም ፈዝዞ መተኛት ብቻ ከፈለገ ሰውነቱ ተሸንፏል። እርጥብ ልብሱን አውልቃችሁ ከአንድ አዋቂ ጋር ባግ ውስጥ ቆዳ ለቆዳ አድርጉት፣ በደንብ ነቅቶ ከሆነ ሞቅ ያለ ጣፋጭ ሻይ ስጡት። እጅ እግሩን አትሹት፤ በዚህ ጊዜ መታሸት ጉዳት አለው። ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ጠዋት ባጉ ከላይ ረጥቦ ይገኛል። ድንኳኑ ያፈሳል ማለት ነው?

አይደለም፤ የትንፋሽ እርጥበት ነው። አራት ሰው የተኛበት ድንኳን ተዘግቶ ካደረ ትንፋሹ ግድግዳው ላይ ይንጠባጠባል፣ በውርጭ ሌሊትም ስስ በረዶ ይሆናል። የላይኛውን መተንፈሻ ክፍት አድርጉ። ልጁም አፍና አፍንጫውን ባጉ ውስጥ ቀብሮ አይተኛ፤ ሙሌቱን ከውስጥ ያረጥበዋል፣ ሁለተኛው ሌሊት ከመጀመሪያው የሚከፋውም አንዱ በዚህ ምክንያት ነው። ጠዋት ፀሐይ ሲወጣ ባጉን ገልብጣችሁ አስጡት፤ የቀኑ ጉዞ ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰዓት ይበቃዋል።

እንዴት ይታጠባል፣ የትስ ይቀመጣል?

በዓመት አንዴ ይበቃል። ፖሊስተሩን በትልቅ ሳፋ፣ ለብ ባለ ውሃና በትንሽ ዱቄት ሳሙና፤ በረኪና አይነካው። እርገጡት እንጂ አትጠምዝዙት። አረፋው እስኪጠፋ አለቅልቁ፣ ሲያነሡት ከሥሩ በሁለት እጅ ደግፉ፤ ውሃ ተሸክሞ ሲንጠለጠል የውስጡ ስፌት ይበጠሳል። ላባውን ለስላሳ ሳሙና ብቻ፤ ሲደርቅ የተጓጎለውን በእጅ እየፈቱ፣ ሦስት አራት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ስለዚህ ከሰኔ በፊት እጠቡ።

ሲቀመጥ በትንሹ ከረጢቱ ተጨምቆ ከርሞ የነበረ ባግ አይነፋም። በሰፊ የጥጥ ከረጢት ወይም በትራስ ልብስ ውስጥ ላላ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ የዳቦ ፍርፋሪ ውስጡ ካለ አይጥ ታገኘዋለች።

ሕፃን ልጅስ? ከሦስት ዓመት በታች ያለ

ከ1 ዓመት በታች ያለ ሕፃን ኮፍያ ባለው፣ ሊሰምጥበት በሚችል ባግ አይተኛ፤ መታፈን አለ። እጅጌ ያለው፣ ኮፍያ የሌለው፣ አንገቱ ላይ ልክ የሆነ የሕፃን የመኝታ ልብስ አለ። ከ1 እስከ 3 ዓመት ላለውም ይኸው ይሻላል። ለጮቄ ሌሊት ግን ሕፃን አንወስድም፤ ቀን ውጡና ለማደር ወደ ደብረ ማርቆስ ውረዱ።

ባጉ ሞቋል፣ ልጁ ግን ራሱን አመመው፣ አስታወከ፣ እንቅልፍም እምቢ አለው። ብርድ ነው?

ባጉ ሞቃት፣ ማጅራቱ ሞቃት ከሆነ ከፍታው ነው። ከባሕር ዳር ተነሥቶ በአንድ ቀን 4,000 ሜትር አካባቢ ያደረ ልጅ ከ2,000 ሜትር በላይ ወጥቷል። ወላጅ ብርድ መስሎት ልብስ ሲደርብ ያነጋል፤ የተሻለው የመጀመሪያውን ሌሊት ደብረ ማርቆስ፣ ሁለተኛውን ረቡዕ ገበያ አካባቢ አድርጎ ቀስ ብሎ መውጣት ነው።

ቀላል ራስ ምታት ብቻ ከሆነ ውሃ ስጡት፣ ከዚያ በላይ አትውጡ። ካላሻለው ወይም ካስታወከ ቢያንስ 500 ሜትር አውርዱት። ሲራመድ ከተንገዳገደ፣ ተቀምጦም ትንፋሽ ካጠረው ወይም ካልነቃ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ ባጉን እንደ ካባ ደርባችሁለት በጀርባ ወይም በበቅሎ ወደ ታች አውርዱት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።